ሰርተፊኬቱ ደርሷል፤ ኮምፓይለሩስ?

«ኮደር» የሚለው ቃል በአገራችን እንደ ማዕረግ መታደል ጀምሯል። ቪዲዮውን ታያለህ፣ ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች ትመልሳለህ፣ ስምህ ያለበት ሰርተፊኬት ይመጣልሃል፣ ፌስቡክ ላይ ትለጥፈዋለህ፣ አክስትህ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ትጽፍልሃለች። በቃ፣ ኮደር ሆንክ። በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅህ የለም። ለመሆኑ ኮዱን የጻፍከው ምን ላይ ነው?

እንግዲያው እኛ እንጠይቅ። ነገሩ ስለሚያንገበግበን ዛሬ በለሰለሰ አንደበት አንናገርም፤ ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለን።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ኢኒሼቲቭን አስጀመረ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በነፃና በኦንላይን ማሠልጠን ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2017 «አንድ ሚሊዮን ዓረብ ኮደሮች» ብለው በጀመሩት መንገድ ነው የተሄደው። ሐሳቡን አንጠላም። በነፃ የሚሰጥ ትምህርት የሚጠላ ወጣት ጤና የለውም። ጠባችን ከቆጠራው ጋር ነው። ከወረዳ እስከ ፌዴራል የሚነበብልን ሪፖርት ስንት ሰው እንደተመዘገበና ስንት ሰው ሰርተፊኬት እንደወሰደ ይነግረናል። በስንት ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይለር ተጭኖ፣ በስንቱ ላይ አንዲት ፕሮግራም ተጽፋ እንደሠራች ሲነበብ ግን አልሰማንም።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ለማያውቀው እንዲህ እናስረዳ፦ ኮዱ ሊጥ ነው፣ ኮምፓይለሩ ምጣድ ነው። ሊጥ ምን ቢቦካ ያለ ምጣድ እንጀራ አይሆንም። እኛ አገር አሁን እየተደረገ ያለው ምጣድ ላልደረሳቸው ልጆች የእንጀራ ጋገራ ቪዲዮ አሳይቶ «ጋጋሪ» የሚል ወረቀት መስጠት ነው።

ከአንገቱ ሲታይ

አዲስ አበባ ፋይበር የገባለት ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን እየጠጣ ይህን የሚያነብ ወዳጃችን «ምን ያጨቃጭቃል? ዳውንሎድ አድርጎ መጫን ነው እንጂ!» ሊል ይችላል። ና እስቲ፣ ነገሩን ከአንገቱ እንየው።

አንገቱ በባሌ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሮቤ ጎባ ደግሞ የታክሲ መንገድ። ጉዱ ያለው ከጎባ በኋላ ነው። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው የሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ አንቴና የተተከለበትን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን እያየ ያልፋል፤ ከዚያ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ ከሚሮጥበት ብርድ ተነሥተህ ቡና በዱር ወደሚበቅልበት ሙቀት ትገባለህ። ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ውበት ነው። ውበቱ ግን ፋይል አያወርድም።

እንበል አንገቱ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስም አንሰጣትም፤ ብዙ ናትና። ስልክ አላት። ከሳንቲሟ ቆጥባ በገዛችው ፓኬጅ ቪዲዮውን ታያለች። ጥያቄውን ትመልሳለች። ገብቷታል። ከዚያ የአንድሮይዱ ትምህርት «እንግዲህ አንድሮይድ ስቱዲዮን ጫኑ» የሚልበት ደቂቃ ይደርሳል። እዚህ ጋ አስተማሪው ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጠቅ ያደርጋል፣ ቪዲዮው ይቆረጥና ሲመለስ ሁሉ ነገር ተጭኖ ይገኛል። አስማት!

በዚያች በተቆረጠችው ቦታ ውስጥ ምን እንዳለ እንንገራችሁ። የአንድሮይድ ስቱዲዮ መጫኛ ፋይል ብቻውን ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል። እሱ ሲከፈት ኤስዲኬ የሚባለውን የመሥሪያ ዕቃ ስብስብ ያወርዳል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ስልክ መስሎ የሚሠራው ኢሙሌተር ደግሞ ሌላ ጊጋባይቶች አሉት። የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስትከፍት ግሬድል የተባለው ገንቢ መሣሪያ ተነሥቶ «ገና የሚጎድለኝ አለ» ብሎ እንደገና ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ጎግል ራሱ ኮምፒውተሩ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም እንዲኖረው ይጠይቃል።

ሒሳቡን ይዘን እንቀመጥ። ሁሉም ተደምሮ 10 ጊጋባይት ነው እንበል፤ መስመሩ ደግሞ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ይሰጣል እንበል። 22 ሰዓት ይፈጃል። 22 ሰዓት መብራት ሳይሄድ! ክልል ከተማ የኖረ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። አንድ ላብ ውስጥ ያሉ 30 ኮምፒውተሮች ያንኑ 10 ጊጋባይት ለየራሳቸው ካወረዱ ደግሞ 300 ጊጋባይት ነው፤ ያው አንድ ዕቃ 30 ጊዜ በዚያው ቀጭን ቧንቧ ይጓዛል ማለት ነው። አንዴ ወርዶ 30 ቦታ መገልበጥ ሲቻል!

ወጥመዶቹ

ማውረዱ አልቆም አላለቀም። ፕሮግራሚንግ ከመጀመሩ በፊት ስንት ልጅ ተስፋ ቆርጦ እንደሚቀር የሚያውቅ፣ አጠገቡ ተቀምጦ የጫነ ሰው ብቻ ነው። አራት ወጥመዶች ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። አሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት፣ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመልሳል። ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ የሚመዝነው በቀን ስለሆነ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ልጁ ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቀኑን ማስተካከል ነበር። ማን ይንገረው?

ሁለተኛ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ለመማር ኮድብሎክስን የሚያወርድ ተማሪ ሁለት ፋይል ያገኛል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ካርዱ የሚያሳዝነው ሰው የቱን ይመርጣል? ትንሿን። ትንሿ ውስጥ ግን ኮምፓይለሩ የለም! ቆጣቢው ልጅ ስለቆጠበ ተቀጣ።

ሦስተኛ፣ ፓይተን። በተለመደው የዊንዶውስ መጫኛ የመጀመሪያ መስኮት ግርጌ አንዲት ባዶ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ሳታደርግባት «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» ካልክ ፓይተን ይጫናል፤ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ስሙን ስትጠራው ግን «እንዲህ የሚባል አላውቅም» የሚል መልስ ታገኛለህ። ቤት ውስጥ ተኝቶ በሩን የማይከፍት ሰው ማለት ነው።

አራተኛዋ በተለይ የምታበግነን ናት። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታን ለገበያ ሲያቀርብ የግዕዝ ፊደልን አብሮ አምጥቷል። ስለዚህ አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ ቢጽፍ መብቱ ነው። ዊንዶውስም ይቀበለዋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ኤስዲኬው በዚያ ስም ሥር ሲቀመጥ ያጉረመርማል፤ የአቃፊው አድራሻ ከእንግሊዝኛ ፊደላት ውጭ ሲሆን አይወድም። ልጁ ስሙን በራሱ ፊደል በመጻፉ ነገሩ አልሠራ አለው። የስህተት መልእክቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

እነዚህን አራት ወጥመዶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለመጻፍ ሁለት ገጽ ይበቃል። ሁለት ገጽ! አንገቱ ላይ በልጅቷ ቋንቋ የተጻፈች፣ ከመጫኛው ጋር አብራ የምትመጣ ሁለት ገጽ ከስንት ሰዓት ቪዲዮ ትበልጥ ነበር።

ፕላዝማ ተመልሶ መጣ?

ታላላቆቻችን ይህን ፊልም አይተውታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም በስክሪን ሆነ። የኬሚስትሪ ሙከራ ሲደርስ እጁ የነጣ ሰው በስክሪኑ ውስጥ ፈሳሹን ከፈሳሽ ጋር ይቀላቅላል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ «አያችሁ?» ይላል። አየን። የትምህርት ቤታችን ላብ ግን ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነበር። በሰው እጅ የተሠራ ሙከራ አይተን በራሳችን እጅ የጻፍነው ፈተናውን ብቻ ነው።

መሥሪያ ሳይሰጥ በኮድ ማሠልጠን የዚያ ተከታይ ክፍል ነው። አስተማሪው በስክሪን፣ ኮዱ በሰው ኮምፒውተር፣ ሰርተፊኬቱ በኛ ስም።

ይህች ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረጋው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያወራ ኮርስ አለው፤ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ ታነባለች፣ ትርጉሙን ትሸመድዳለች። ከጎኗ የተቀመጠው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ላፕቶፕ አለው፤ በቤቱ ዋይፋይ ሃያ ዓይነት ፕሮግራም ጭኖ አሥራ ዘጠኙን አጥፍቷል። ሁለቱም እኩል ጎበዝ ናቸው። የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ላብ ቀን ግን እሱ ያውቃል፣ እሷ ታፍራለች። ከዚያ እኛ ምን እንላለን? «የክልል ልጆች ቴክኖሎጂ ይከብዳቸዋል።» ውሸት! የከበዳት ማውረዱ ነው።

ፍላሽ ያስተማረን

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ሰማያዊ ስክሪን ያለው ፕሮግራም የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕቃ ነው፤ በፈረንጆቹ። የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ታዲያ ከስታንዳርዱ የቀደመ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በኛ አገር ላቦች ውስጥ ለምን ነገሠ? መምህራኑ ስላላወቁ? ያውቃሉ። ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ ነው! አዲሱ ዊንዶውስ እንኳ አልቀበልም ሲለው ዶስቦክስ በሚባል መጠቅለያ ውስጥ አስገብተን አስነሣነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በዚህ አገር ትክክለኛው የሶፍትዌር መንገድ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ላይ ያለ ነገር ሥርዓተ ትምህርት ይሆናል፤ ፍላሽ ላይ የሌለ ነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል። በየከተማው «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ሱቅ አለ። ስምንት ጊጋባይት ፍላሽህን ትሰጠዋለህ፣ የቱርክ ድራማ ሞልቶ ይመልስልሃል። ኔትወርኩ ተዘርግቷል፣ ነጋዴው አለ፣ ደንበኛው አለ። የጎደለው የሚጫነው ዕቃ ነው።

ዕቃውስ ስንት ይሆናል? ፓይተን፣ ጊት፣ ኖድ ጄኤስ፣ ኮምፓይለር ያለበት ኮድብሎክስ፣ ቪኤስኮዲየም የተባለው የኮድ መጻፊያ፤ አምስቱ ተደምረው 1 ጊጋባይት አይሞሉም። በጥሩ ጥራት ከተጫነ አንድ የሕንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዙት። አምስቱም ማንም ገልብጦ እንዲያድላቸው ፈቃድ የተሰጠባቸው ናቸው፤ ክራክ አያስፈልጋቸውም፣ ሌብነትም የለበትም። እንደ አንድሮይድ ኤስዲኬ ያሉት ለማደል ገደብ አለባቸው፤ ለእነሱ ደግሞ ባለቤቱ ድርጅት ፈቃድ እንዲሰጥ ከሠልጣኝ ይልቅ መንግሥት ቢጠይቀው ይቀላል። የሁለት አገር ስምምነት ያስፈረመ ሰው አንዲት የፈቃድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም።

«አዎ ግን…» ለሚሉ

«ኢንተርኔት እኮ እየተሻሻለ ነው።» ተሻሽሏል፣ አንክድም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ሥራ ጀምሮ ተወዳዳሪ መጥቷል። ጥሩ ነው። ግን መሣሪያዎቹም እየወፈሩ ነው፤ አንተ አንድ እርምጃ ስትራመድ ፋይሉ ሁለት ይራመዳል።

«ሁሉም ነገር ብራውዘር ላይ ሆኗል፤ መጫን ምን ያደርጋል?» በብራውዘር የሚሠሩ የኮድ መጻፊያዎች ድንቅ ናቸው፣ መስመሩ እስካለ ድረስ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ጠፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በብራውዘር የሚማር ሰው በእነዚያ ቀናት ምን ይሁን? በኮምፒውተሩ ላይ ኮምፓይለር ያለው ልጅ ግን መስመር ተዘጋ አልተዘጋ ይሠራል። በገዛ ኮምፒውተርህ ላይ የተጫነ መሣሪያ ማንም ከሩቅ ሊያጠፋብህ አይችልም። ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ስልክ ላይም ኮድ ይጻፋል።» ይጻፋል። ፓይድሮይድና ተርመክስ የመሳሰሉት ያለ ኮምፒውተር ፓይተን ያስጀምራሉ፤ ላፕቶፕ ለሌለው ልጅ የመጀመሪያ ደጃፍ ናቸው። እነሱም ፍላሹ ላይ ይግቡ። ግን በአምስት ኢንች ስክሪን ፕሮጀክት ሠርቶ ለሥራ የተወዳደረ ካለ አሳዩን፤ ቆመን እናጨበጭባለን።

«ኤአይ ኮዱን ይጽፈዋል እኮ፣ ምን ትደክማላችሁ?» ይህ የአዲሱ ዘመን ስንፍና ነው። ቻትጂፒቲ የጻፈው ኮድም ቢሆን የሚሠራበት ቦታ ይፈልጋል። ሊጡን ሮቦት አቦካው እንበል። ምጣዱስ?

«ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል።» እውነት ነው፤ ፎልደሮቻችንን ወደ ሾርትከት የቀየረብንን ጉድ አንረሳም። ለዚህም መላ አለ። እያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 በሚባል ስሌት የሚወጣ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የጣት አሻራ አለው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትቀየር አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። አሻራውን ማያው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም አለ፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ትክክለኛው አሻራ በወረቀት ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ፋይልህን ታወዳድራለህ። ከገጠመ ትጭናለህ፣ ካልገጠመ ትጥላለህ። ይህ ራሱ አንድ ትምህርት ነው!

ሌሎች ምን አደረጉ?

የምንለው ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ኡቡንቱ ሊኑክስን ሲጀምር አፍሪካ ውስጥ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ የጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲው በፖስታ በነፃ ይላክለት ነበር። በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን ደግሞ በደቡብ አፍሪካ «ፍሪደም ቶስተር» የሚባሉ ማሽኖችን አቆመ፤ ባዶ ሲዲህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ የምትፈልገውን ነፃ ሶፍትዌር ትመርጣለህ፣ አቃጥሎ ይሰጥሃል። እንደ ዳቦ መጥበሻ።

ኩባ ውስጥ ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ወጣቶቹ «ኤል ፓኬቴ» የሚባል ነገር ፈጠሩ። በየሳምንቱ 1 ቴራባይት ገደማ ፊልም፣ ዜና፣ መተግበሪያና ሶፍትዌር በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ደሴቲቱን ያዳርሳል። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዊኪፒዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መዝገብ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ሳይቀር በኪዊክስ በኩል በዲስክ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ሊኑክስ ከ64 ሺህ በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎች አሉት፤ ኮምፓይለሩ፣ ዳታቤዙ፣ ሁሉም። ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነው ስብስብ በአንድ 256 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባል። በኪስ የሚገባ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ ደግሞ እንሥራ። 1 ቴራባይት ዲስክ ቦርሳህ ውስጥ ከተህ ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ አውቶብስ ትሳፈራለህ። በሻሸመኔ በኩል፣ ምሳውም ቡናውም ተጨምሮ 10 ሰዓት ፈጀ እንበል። ያ አውቶብስ በሰከንድ 222 ሜጋቢት ገደማ የሚያስተላልፍ መስመር ሆነ ማለት ነው! ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሮቤ፣ ሮቤ» ሲል ትልቁን የኢንተርኔት መስመር እየጠራ እንደሆነ ቢያውቅ ታሪፍ ይጨምር ነበር።

የምንጠይቀው

ለቅሶ ብቻ አንጽፍም። ጥያቄያችን አራት ነው።

አንድ። በሕዝብ ስም የሚሰጥ የኮዲንግ ሥልጠና ሁሉ ከቪዲዮው ጋር የመሥሪያ ጥቅሉን ይስጥ። መጫኛዎቹ፣ የጣት አሻራቸው፣ መመሪያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን። የአሮጌ ኮምፒውተር ጥቅል ለብቻው ይዘጋጅ፤ 2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን አንድሮይድ ስቱዲዮ ማዘዝ በአህያ ላይ ሲኖትራክ መጫን ነው።

ሁለት። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ሁሉ ለከተማውና ለአካባቢው የሚሆን የሶፍትዌር ጎተራ ይኑረው። ሮቤ ላይ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ ሰርቨር፣ ጥቂት ቴራባይት ዲስክ፣ በሌሊት ራሱን የሚያድስ ቅጂ። ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከአንገቱ ፍላሹን ይዞ የመጣ መምህር መታወቂያውን አሳይቶ፣ ሞልቶ ይመለስ። የፓይተን ተጨማሪ ጥቅሎችን የሚያመጣው ፒፕ እንኳ «ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚህ አቃፊ ውሰድ» ብትለው እሺ ይላል። ቴክኒኩ ቀላል ነው። ፈቃደኝነቱ ነው የሚከብደው።

ሦስት። የትምህርት ቤት ላብ ይከፈት። ኮምፒውተር እንዳይበላሽ ተብሎ የተቆለፈበት ላብ ሞቷል፤ አቧራው ከፈኑ ነው። የላብ ኃላፊው የሚመዘነው ስንት ኮምፒውተር ሳይነካ እንዳቆየ ሳይሆን በስንቱ ላይ ተማሪ ፕሮግራም እንዳስኬደ ይሁን።

አራት። ቆጠራው ይቀየር። ሰርተፊኬት መቁጠር ይቅርና የሠሩ ፕሮግራሞች ይቆጠሩ።

አምስተኛው ደግሞ ለእኛው ለራሳችን፣ ይህን ገጽ ለምናነብና ለምንጽፍ የከተማ ወጣቶች ነው። ለአረፋም ሆነ ለገና ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ከሐረና ቡናና ማር ጭነን እንመለሳለን። እናቶቻችን ዕቃችንን እስኪበቃን ይሞሉልናል። እኛ ምን ይዘን እንሄዳለን? ኬክና ሶፍት። አንድ ፍላሽ አንይዝም? ለአጎት ልጅ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለዚያ «ፊልም እንጭናለን» ላለው ሱቅ ባለቤት አንድ ቅጂ ሰጥተን «ይህን በነፃ ጫንላቸው» አንልም? ደግሞ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠን ያችን ባዶ ሳጥን ምልክት እንድታደርግባት ማሳየት ነው። መንግሥት እስኪሰማ ድረስ ይህን ማድረግ የሚከለክለን የለም፤ የሚከለክለን ከመጣም በጋራ እንሳቅበት።

ለባለሥልጣኖቻችን ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና አለን። የሚቀጥለው ሪፖርት ከመነበቡ በፊት አንድ ኃላፊ መኪናውን አስነሥቶ ሳነቴን ይሻገር፣ ሐረናን ይውረድ፣ አንገቱ ይግባ። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች አንዱን ይክፈት። የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀል። ከዚያ ያችን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠርቶ «ሰላም ዓለም» ብላ የምትጽፍ አንዲት ፕሮግራም ጽፈሽ አስኪጂልኝ ይበላት።

ከሠራላት አንድ ብለን መቁጠር እንጀምር።